ታንኳኳ ነበር

ሃያ ስምንት ዓመት ደንበጫን ዞሬያለሁ፣
የሰው ቤት ቆጣሪ ሳነብ ኖሬያለሁ፤
ደብተሬ ከብብት፣ እርሳሴ ከጆሮ፣
ውሻ እንኳ አይጮህብኝ፣ ያውቀኛል ከድሮ።

ልጅ ሳለሁ ዋሸራ ቅኔ ጀማምሬ፣
ሰሙን ይዤ ወርቁን ስስት ውዬ አድሬ፣
ተውሁና መብራት ኃይል ሠራተኛ ሆንሁ፤
ያመለጠኝን ወርቅ ከቆጣሪ አገኘሁ።

ቁጥሩ ሰም ነው እንጂ ወርቁ ያለው ከቤት፤
ሰባት ቢጨምርብኝ የይታይሽ ግንቦት
አውቃለሁ፦ አምፖሉ ሌሊቱን አልጠፋም፤
አራስ አለች ማለት ነው፣ ሕፃኑ አልተኛም።
የእንየው ቢጎድልስ? ልጁ ቡሬ ሄዷል፣
ፋብሪካ ተቀጥሮ ምድጃውን ወስዷል።

መብራቱ ሲጠፋ ሰው ሁሉ እኔን ይዞ፣
ኩራዙን ለኩሶ፣ ደጄ ላይ ተክዞ፦
«አባይ እንደ መቀነት ወገባችንን ዞሮ፣
የኛ ቤት በኩራዝ? ይኼ ምን ይሉት ኑሮ?»
እኔ ምን መልስ አለኝ፤ እርሳሴን እቀርጻለሁ፣
«ይመጣል» እላለሁ።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አዲሱ ቆጣሪ መጣ፣
ግራጫ፣ ድምፅ የሌለው፣ ቁጥሩን ራሱ የሚያወጣ፤
በየሩብ ሰዓቱ ይልካል በአየር፣
እኔ በወር አንዴ ነበር የምቆጥር።

ማስተዋል ትባላለች፣ ወጣቷ መሐንዲስ፤
«ጋሼ፣ እዩት» አለችኝ፣ ስክሪኑን ወደ እኔ ስትመልስ።
ከተማዬ እዚያ ነው፣ ነጠብጣብ ብርሃን፤
«ይኼ ፀሐይ ነው፣ የትምህርት ቤቱ ጣሪያ የለቀመልን፤
ይኼ ውሃ፣ ይኼ ነፋስ፣ ከሩቅ የሚግተለተል፣
የተረፈው ደግሞ ባትሪው ውስጥ ለማታ የሚቆለል።»

ገባኝ። ይኼማ የመስኖው ውሃ አባት ነው፣
ጠዋት ላንተ ማሳ፣ ማታ ለኔ የሚለው፤
ሁሉም ባንድ ሰዓት ቦዩን የከፈተ ዕለት
የግርጌው ሰው ሽንኩርት ደረቀበት ማለት።

ይሁኔ ወፍጮውን ከናፍጣ አላቋል፣
ግቢው ከጭስ ይልቅ ዱቄት ዱቄት ይላል።
ማታ ሰው ራት ሲሠራ መልእክት ይደርሰዋል፦
«ወፍጮ፣ ጥቂት ቆይ።»
ይሁኔ፣ ለገዛ ሰርጉ ያልቆየው፣ ይቆያል።
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ዋጋው ሲረክስለት፣ ይነሳል፣
እያፏጨ ጤፉን ይፈጫል።

ደግ ነው። ደብተሬን መሳቢያ ከተትሁት።
ግን አንድ ማለዳ ከነጠብጣቡ አንዱን አጣሁት፦
ከገበያው በላይ፣ የእማሆይ አጸደ ቤት።
ሦስት ቀን።
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
«መስመሩ ጤነኛ ነው፣ ጋሼ፤ ችግር የለበትም።»
«ልጄ፣ ዜሮ ቁጥር ነው እንጂ መልስ አይደለም።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት የሚበራ አምፖል አላቸው፤
በደብተሬ ሙሉ አንድ ወር አልጎደለባቸው።»

ጫማዬን አጠለቅሁ። ዳገቱን ወጣሁት።
በሩን አንኳኳሁት።

ከፈቱ። ደኅና ናቸው።
ቆጣሪው ግን አሮጌ ነጠላ ተከናንቧል፣
ከሥሩ ኩራዝ ተቀምጧል።
«ዓይን ነው አሉኝ» አሉ፣ «በየሩብ ሰዓቱ የሚያይ፤
እንዴት ልልበስ፣ እንዴት ልስገድ፣ ባዳ ሲያየኝ ከላይ?»
«አያይም፣ እማሆይ። ይቆጥራል እንጂ።»
«አንተም ትቆጥር ነበር።»
የኩራዙን ክር በጥፍራቸው ነካ አደረጉ።
«አንተ ግን ታንኳኳ ነበር።»

ለማስተዋል ነገርኋት። ሳቀች፤ ቀጥላ ዝም አለች።
አሁን ሐሙስ ሐሙስ ዜሮ ያሉትን ቤቶች
በብጣሽ ወረቀት ትጽፍልኛለች፤
አንዱ ለቅሶ ሄዷል፣ አንዱ ቤት አከራይቷል፣
አንዷ ሽቦው ተበጥሶባት ለሰው መናገር አፍራለች።

በቀደም ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ከገበያው በላይ ያለችው ነጠብጣብ በራች።
ነጠላው ግን እስካሁን ከቆጣሪው አልወረደም።